ሬጂናልድ ሐምሊን

ሬጂናልድ ሄንሪ ጄምስ ሐምሊን (እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 21 ቀን 1908 – ኦገስት 4 ቀን 1993) በኒው ዚላንድ የተወለዱ፣ በአውስትራሊያ የሠሩ፣ ከ1951 ዓ.ም. ጀምሮም እስከ ዕለተ ሞታቸው በኢትዮጵያ የኖሩ የማኅፀንና የጽንስ ሐኪም ነበሩ። በኢትዮጵያ ይበልጥ የሚታወቁት ከባለቤታቸው ከዶክተር ካትሪን ሐምሊን ጋር የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን በማቋቋማቸው ነው። ከዚያ በፊት በሲድኒ ከተማ ስማቸው የተጠራው በሌላ ሥራ ነበር። ነፍሰ ጡሮችን በየጊዜው በመመዘንና በመመርመር ኤክላምፕሲያ የተባለውን ገዳይ የእርግዝና በሽታ አስቀድሞ መከላከል እንደሚቻል ያምኑ ነበር፤ ይህንኑም በጽሑፍ አሳትመዋል። ሁለቱ ሥራዎች የተራራቁ ቢመስሉም የሚያያዙት በአንድ ሐሳብ ነው፤ እናት መታየት ያለባት አደጋው ከደረሰባት በኋላ ሳይሆን ከመድረሱ በፊት ነው።

ሥራ በሲድኒ

ሐምሊን በሲድኒ ከተማ ክራውን ስትሪት የሴቶች ሆስፒታል የሕክምና ኃላፊ ነበሩ። ይህ ሆስፒታል በዘመኑ በአውስትራሊያ ከነበሩት ትልልቅ የማዋለጃ ሆስፒታሎች አንዱ ነበር። ካትሪን ኒኮልሰን የተባሉት ወጣት ሐኪም ወደዚያ ሲመጡ ተዋወቁ፤ እ.ኤ.አ. በ1950 ተጋቡ። ካትሪን የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1924 በመሆኑ ባልየው በ16 ዓመት ገደማ ይበልጧቸዋል። ሁለቱም አጥባቂ ክርስቲያኖች ነበሩ፤ ሙያቸውንም እንደ አገልግሎት ይመለከቱት ነበር።

በዚያ ዘመን ሐኪሞችን ካስጨነቁት የእርግዝና ችግሮች አንዱ ፕሪኤክላምፕሲያ ነበር። በሽታው አብዛኛውን ጊዜ ከ20ኛው የእርግዝና ሳምንት በኋላ ይከሠታል። ዋና ምልክቱ የደም ግፊት መጨመር ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ በሽንት ውስጥ ፕሮቲን ይገኛል። የፊትና የእጅ እብጠት፣ ብርቱ ራስ ምታት፣ የዓይን መጭበርበርና ከጎድን አጥንት በታች የሚሰማ ሕመምም ሊኖሩ ይችላሉ። በጊዜ ካልተያዘ ወደ ኤክላምፕሲያ ይሸጋገራል፤ ይህም እናቲቱ እንደሚጥል በሽታ የምትንቀጠቀጥበት ደረጃ ነው። እናትም ልጅም ሊሞቱ ይችላሉ።

ሐምሊን ትኩረታቸውን ያደረጉት በቅድመ ወሊድ ክትትል ላይ ነበር። እርጉዟ ሴት በየቀጠሮዋ እንድትመዘን፣ ግፊቷ እንዲለካና ሽንቷ እንዲመረመር፣ ስለምትበላውም ምክር እንድታገኝ አደረጉ። በተለይ በእርግዝናው አጋማሽ ክብደቷ ከተለመደው ውጭ በፍጥነት ከጨመረ፣ ግፊቷ ገና ሳይነሣ እንኳ እንደ ማስጠንቀቂያ ይወስዱት ነበር። ይህን አሠራርና ውጤቱን የሚያስረዳው ጽሑፋቸው እ.ኤ.አ. በ1952 ላንሴት በተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ታተመ፤ በሌሎች አገሮችም ብዙ ሐኪሞች ተወያዩበት።

ክብደት፣ የደም መጠንና ደም መልስ

የሐምሊን ሚዛን ከውጭ የሚያሳየው የሰውነትን ክብደት ብቻ ነው። በውስጥ ግን ትልቅ ለውጥ ይካሄዳል። ጤናማ በሆነ እርግዝና ፕላዝማ የተባለው የደም ፈሳሽ ክፍል ከ40 እስከ 50 በመቶ ይጨምራል፤ ይህም ከአንድ ሊትር በላይ ማለት ነው። ቀይ የደም ሕዋሳት የሚጨምሩት ከ20 እስከ 30 በመቶ ብቻ ስለሆነ ደሙ ቀጠን ይላል። ስለዚህ የሄሞግሎቢን መጠን በመጠኑ መውረዱ ሁልጊዜ የደም ማነስ ምልክት አይደለም። እንዲያውም በእርግዝናው ወራት ደሙ ምንም ሳይቀጥን ከቀረ፣ ፕላዝማው በሚገባ እንዳልጨመረ ሊያመለክት ይችላል።

ይህ ተጨማሪ ደም ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛው እንግዴ ልጁን መመገብ ነው። ሁለተኛው ደግሞ በወሊድ ጊዜ ለሚፈሰው ደም መጠባበቂያ መሆን ነው፤ በጤናማ ወሊድ እንኳ እናት ግማሽ ሊትር ያህል ደም ልታጣ ትችላለች።

ደሙ የሚቀመጠው በአብዛኛው በደም መልስ ሥሮች ውስጥ ነው። ደም ቅዳ ሥሮች ከልብ የወጣውን ደም በኃይል ያደርሳሉ፤ ደም መልስ ሥሮች ደግሞ ወደ ልብ ይመልሱታል። የእነዚህ ግድግዳ ስስና የሚለጠጥ ስለሆነ ከሰውነት ደም ሁለት ሦስተኛ ያህሉን ይይዛሉ። እንደ ውኃ ማጠራቀሚያ ናቸው ማለት ይቻላል፤ ሲላሉ ብዙ ይይዛሉ፣ ሲኮማተሩ ደሙን ወደ ልብ ይገፋሉ። በእርግዝና ጊዜ ላላ ብለው ተጨማሪውን ደም ማስተናገድ ይጠበቅባቸዋል።

በፕሪኤክላምፕሲያ ይህ ሥርዓት ይናጋል። ሥሮች ይጠብባሉ፣ የውስጥ ገጻቸው ይጎዳል፤ ፈሳሹም ከሥሮቹ ወጥቶ በሥጋ መካከል ይጠራቀማል። በዚህ ምክንያት ብዙ ሕሙማን አካላቸው አብጦ ሳለ በሥሮቻቸው ውስጥ ያለው ፕላዝማ ከሚገባው በታች ሊሆን ይችላል። ሚዛኑ ላይ በድንገት የሚታየው ጭማሪ አንዱ ምንጭ ይኸው ከሥሮች የወጣ ፈሳሽ ነው። ቀድሞ እብጠቱን ለመቀነስ ይሰጥ የነበረው የሽንት መድኃኒት ለመከላከያ አይመከርም የተባለውም ስለዚህ ነው፤ ያነሰውን ፕላዝማ የባሰ ሊያሳንሰው ይችላል።

የደምን መጠንና የደም መልስን አሠራር ለመለካት ልዩ ልዩ ዘዴዎች አሉ። ከቀደሙት አንዱ ኢቫንስ ብሉ የተባለውን ሰማያዊ ቀለም በታወቀ መጠን ወደ ሥር መስጠትና ምን ያህል እንደቀጠነ ማየት ነው፤ አንድ ማንኪያ ቀለም በትልቅ በርሜል ውኃ ውስጥ ከትንሽ ጣሳ ይልቅ እንደሚደበዝዝ ሁሉ፣ የቀለሙ መቅጠን የፈሳሹን ብዛት ይናገራል። ሌላው ክንድን ወይም እግርን በግፊት መለኪያ ጨርቅ በልኩ ማሰር ነው። ግፊቱ ደም እንዲገባ እየፈቀደ ተመልሶ እንዳይወጣ ይከለክላል፤ የክንዱ ማበጥ ደም መልስ ሥሮቹ ምን ያህል እንደሚለጠጡ ያሳያል። በኋላ ዘመን ደግሞ በቤልጂየም ጌንክ ከተማ የሚሠሩ ተመራማሪዎችና ሌሎችም በዶፕለር አልትራሳውንድ የጉበትና የኩላሊት ደም መልስ ሥሮችን ፍሰት በእርጉዞች ላይ አጥንተዋል። ዘዴዎቹ በአብዛኛው ለምርምር የሚያገለግሉ ናቸው፤ በጤና ጣቢያ ደረጃ ዛሬም ዋናዎቹ መሣሪያዎች የደም ግፊት መለኪያው፣ የሽንት ምርመራውና የክትትል ካርዱ ናቸው።

የሐምሊን ማብራሪያ ሁሉ በኋላ በተደረጉ ጥናቶች አልጸናም። የክብደት ፈጣን ጭማሪ ምልክት ሊሆን ቢችልም የበሽታው መንሥኤ አይደለም፤ እርጉዝን ከምግብ መከልከልም በሽታውን እንደሚከላከል አልተረጋገጠም። ዛሬ ለአደጋ የተጋለጡ እናቶች በሐኪም ትእዛዝ አነስተኛ መጠን ያለው አስፕሪን ይወስዳሉ፤ ካልሲየም በምግብ በበቂ በማይገኝበት አካባቢም የካልሲየም እንክብል ይሰጣል። መንቀጥቀጡን ለመከላከልና ለማከም ማግኒዚየም ሰልፌት ይሰጣል፤ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ በብዙ አገሮች የተካሄደ ትልቅ ጥናት መድኃኒቱ የኤክላምፕሲያን አደጋ ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ከሐምሊን አሠራር ጸንቶ የቀረው መሠረቱ ነው፤ በሽታው ቀድሞ የሚገኘው እናቲቱ ሳትታመም በየጊዜው ስትታይ ነው።

ወደ ኢትዮጵያ መምጣት

እ.ኤ.አ. በ1958 ባልና ሚስቱ በላንሴት መጽሔት ላይ አንድ የሥራ ማስታወቂያ አዩ። በአዲስ አበባ ልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል የአዋላጅ ነርሶች ትምህርት ቤት የሚያቋቁም የማኅፀንና የጽንስ ሐኪም ይፈለጋል የሚል ነበር። በሚቀጥለው ዓመት በሦስት ዓመት ውል ከትንሽ ልጃቸው ጋር ወደ ኢትዮጵያ መጡ።

የሆስፒታሉ ስም ራሱ የወላድን ጉዳይ የሚያስታውስ ነው። ልዕልት ፀሐይ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ነበሩ፤ በስደቱ ዘመን በእንግሊዝ አገር የነርስነት ሙያ ተምረዋል። ከነፃነት በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው አገቡ፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1942 በ22 ዓመታቸው ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ሕመም በወለጋ ለቀምት አረፉ። የንጉሠ ነገሥት ልጅና የሠለጠኑ ነርስ ሆነው ሳለ፣ በጊዜው በአካባቢው በቂ የወላድ ሕክምና አለመኖሩ ከተራዋ ገበሬ ሴት ጋር አንድ አደረጋቸው። በስማቸው የቆመው ሆስፒታል ገንዘብ በማሰባሰብ ረገድ የእንግሊዟ ሲልቪያ ፓንክኸርስት ትልቅ ድርሻ ነበራቸው።

የሐምሊን ቤተሰብ የመጣበት ሥራ ግን እንደታሰበው አልሄደም። ጥቂት አዋላጆች ከሠለጠኑ በኋላ ትምህርቱ ተቋረጠ። በሌላ በኩል በአውስትራሊያ አይተውት የማያውቁት በሽታ ከፊታቸው ተደቀነ።

የፊስቱላ ሕክምና

የወሊድ ፊስቱላ የሚመጣው ምጥ ሲራዘም ነው። ሕፃኑ በእናቲቱ ዳሌ ለማለፍ ሲያቅተውና የሚረዳ ሲጠፋ፣ ጭንቅላቱ ለቀናት የእናቲቱን ሥጋ ከዳሌ አጥንቷ ጋር አጣብቆ ይጫናል። የተጫነው ሥጋ ደም አይደርሰውም፤ ይሞትና ይረግፋል፤ በሽንት ፊኛና በብልት መካከል፣ አንዳንዴም ከፊንጢጣ በኩል ቀዳዳ ይቀራል። ሕፃኑ አብዛኛውን ጊዜ ሞቶ ይወለዳል። እናቲቱ ሽንቷን መቆጣጠር ስለማትችል በሽታዋ ከሰው ይለያታል፤ ብዙዎች ባል ይፈታቸዋል፣ ከጎረቤትም ይርቃሉ።

ሐምሊንና ባለቤታቸው ይህን ቀዶ ሕክምና የተማሩት በሥራው ላይ ሆነው ነው። የቀደሙ ሐኪሞችን፣ በተለይም በግብፅ ለብዙ ዓመታት ፊስቱላን ያከሙትን የናጊብ ማህፉዝ ፓሻን ሥራዎች አነበቡ። ከዚያ በኋላ ወሬው በየገጠሩ ተዛመተ፤ ሴቶች በእግር፣ በበቅሎና በአውቶቡስ ይመጡ ጀመር። የሆስፒታሉ አልጋ ስላልበቃ በግቢው ውስጥ ለእነዚህ ሕሙማን ብቻ የሚሆን መጠለያ ተሠራ። በመጨረሻም በ1967 ዓ.ም. ራሱን የቻለ የፊስቱላ ሆስፒታል በአዲስ አበባ ተከፈተ። ጊዜው አብዮቱ የፈነዳበትና ብዙ የውጭ አገር ሰዎች አገሪቱን የለቀቁበት ነበር፤ ሐምሊኖች ግን ሥራቸውን ቀጠሉ። ሕክምናው ለሕሙማኑ በነጻ ይሰጥ ነበር፤ ዛሬም እንዲሁ ነው።

ሬጂናልድ ሐምሊን ካሠለጠኗቸው ሰዎች መካከል ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ትጠቀሳለች። ማሚቱ በልጅነቷ ከገጠር የመጣች፣ ፊደል ያልቆጠረች የፊስቱላ ሕመምተኛ ነበረች። ከታከመች በኋላ በሆስፒታሉ ቀርታ በቀዶ ሕክምና ክፍል መርዳት ጀመረች፤ ሐምሊንም እጅ በእጅ አስተማሯት። በጊዜ ብዛት የተዋጣላት የፊስቱላ ቀዶ ሐኪም ለመሆን በቃች፤ ከሌሎች አገሮች የመጡ ሐኪሞችንም አሠልጥናለች። እ.ኤ.አ. በ1989 የእንግሊዝ ንጉሣዊ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ ለሁለቱ ሐምሊኖችና ለእርሷ የወርቅ ሜዳይ ሸልሟል።

የአርሲ ደጋ ምሳሌ

ወደ ሆስፒታሉ የሚመጡት ሴቶች አብዛኞቹ የገጠር ሰዎች ነበሩ። ርቀት ለእርጉዝ ሴት ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት የአርሲን ደጋ መመልከት ይጠቅማል። አሰላ ከአዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፣ በጭላሎ ተራራ ግርጌ ትገኛለች። ጭላሎ ራሱ ከ4,000 ሜትር ያልፋል፤ በቆጂ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አገሩ የስንዴና የገብስ፣ የፈረስና የከብት አገር ነው። ሐምሊኖች ኢትዮጵያ በገቡበት ወቅት ከአብዛኛው የደጋ መንደር ወደ ከተማ የሚወስደው መንገድ የእግርና የፈረስ መንገድ ነበር፤ በክረምት ጭቃውና የሞላው ወንዝ ይዘጉታል። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን እርዳታ የተቋቋመው ካዱ የተባለው የጭላሎ የግብርና ልማት ድርጅት ከእርሻው ሥራ ጎን የገጠር መንገዶችንም ሠርቷል። ምጥ የጠናባትን ሴት በቃሬዛ ተሸክሞ መሄድ ግን ከዚያም በኋላ ለብዙ ዘመን አልቀረም።

በአርሲ ኦሮሞ ባህል የወለደች ሴት ታላቅ ክብር አላት። እናት ከወለደች በኋላ በግንባሯ ላይ ቀነፋ ታስራለች፤ ይህ ምልክት ያላትን ሴት ማስቀየም ነውር ነው። ያገቡ ሴቶች የሚይዙት ሲንቄ የተባለው በትርም የሴቶች መብት መጠበቂያ ነው፤ አንዲት ሴት ስትበደል ሌሎቹ ሲንቄያቸውን ይዘው በአንድነት ይወጣሉ። ክብሩ በባህሉ ውስጥ አለ፤ የጎደለው ወላዷን በሰዓቱ የሚያደርስ መንገድና የሚቀበላት ባለሙያ ነበር።

ከፍታው ራሱም የራሱ ጥያቄ አለው። በደጋ አየር ውስጥ ኦክስጅን ስለሚሳሳ ሰውነት ብዙ ጊዜ ሄሞግሎቢን ይጨምራል። በዚህ ምክንያት የዓለም ጤና ድርጅት የደም ማነስን ለመለየት የሚያገለግለው ልክ በከፍታ መጠን እንዲስተካከል ይመክራል። በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛትና በቦሊቪያ ደጋዎች የተደረጉ ጥናቶች በከፍተኛ ቦታ ፕሪኤክላምፕሲያ እንደሚበዛና የሕፃናት ክብደት እንደሚያንስ አሳይተዋል። ይህ ግን ለኢትዮጵያ ደጋ እንዳለ አይወሰድም። የኢትዮጵያ ደገኞች ሰውነት ከፍታን የተላመደበት መንገድ ከደቡብ አሜሪካ ደገኞች እንደሚለይ፣ በመካከላቸውም በሕዝብና በአካባቢ ልዩነት እንዳለ በጥናት ታውቋል። ስለዚህ በአሰላ የምትታይ እርጉዝ ሄሞግሎቢኗ ሲለካ የእርግዝናው ወርና የምትኖርበት ከፍታ አብረው መታሰብ አለባቸው፤ በቆላ የተለመደ ቁጥር በደጋ ሌላ ነገር ሊናገር ይችላል።

ዛሬ በአሰላ የአርሲ ዩኒቨርሲቲ ሪፈራልና ማስተማሪያ ሆስፒታል ለዞኑ ያገለግላል፤ በየቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ እርጉዝ ሴት ቢያንስ 8 ጊዜ በባለሙያ እንድትታይ ይመክራል። ቤታቸው ሩቅ የሆነ እናቶች የመውለጃቸው ቀን ሲቃረብ በጤና ጣቢያ አጠገብ የሚቆዩበት የእናቶች ማቆያ ቤትም በልዩ ልዩ የአገሪቱ ክፍሎች ይሠራበታል። ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን መጭበርበር፣ የፊት እብጠት፣ ደም መፍሰስ ወይም መንቀጥቀጥ የታየባት እርጉዝ ግን ቀጠሮዋን ሳትጠብቅ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይኖርባታል።

ዕረፍትና ትሩፋት

ሬጂናልድ ሐምሊን በካንሰር ሕመም ሐምሌ 28 ቀን 1985 ዓ.ም. በ85 ዓመታቸው በአዲስ አበባ አረፉ፤ የተቀበሩትም በዚያው ነው። ለሦስት ዓመት ብለው በመጡበት አገር 34 ዓመት ኖረዋል። በሕይወት ዘመናቸው ከብሪታንያና ከአውስትራሊያ መንግሥታት የክብር ኒሻን ተቀብለዋል።

ዶክተር ካትሪን ሥራውን ለተጨማሪ 26 ዓመታት መርተው መጋቢት 9 ቀን 2012 ዓ.ም. በ96 ዓመታቸው አረፉ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ከአዲስ አበባው ሆስፒታል ሌላ በባሕር ዳር፣ በመቀሌ፣ በይርጋለም፣ በሐረርና በመቱ ማእከሎች ተከፍተዋል። በድርጅቱ ከ60,000 በላይ ሴቶች ታክመዋል።

ባልና ሚስቱ የመጡበት የመጀመሪያ ዓላማ የተፈጸመው ከሬጂናልድ ሐምሊን ሞት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የሐምሊን የአዋላጆች ኮሌጅ ተከፍቶ ከገጠር የተመለመሉ ተማሪዎችን ማሠልጠን ጀመረ፤ ተመራቂዎቹም ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች ይመደባሉ። ሐምሊን በሲድኒ በሚዛንና በክትትል ካርድ የጀመሩት፣ በአዲስ አበባም ሊያስተምሩት አስበው የተቋረጠባቸው ሥራ በእነዚህ አዋላጆች እጅ ቀጥሏል። የተቀደደውን መጠገን የሆስፒታሉ ሥራ ሆኖ ቆይቷል፤ እንዳይቀደድ ማድረግ ደግሞ እርጉዟን በየወሩ የምታያት አዋላጅ ሥራ ነው።